ኩላሊት የተተከለለትን ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት እናግዘው?

ንቅለ ተከላ ሲባል ሰው የሚፈራው ኦፕሬሽኑን ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል ቤተሰብ በሚሰጠው ኩላሊት መስራት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ከባዱ ግን ቤት ከተገባ በኋላ ነው፣ በተለይ ልጁ አስራዎቹ ውስጥ ከሆነ፣ ምክንያቱም በዚህ እድሜ የተተከለ ኩላሊት ከሚበላሽበት ዋና ምክንያት አንዱ መድሃኒት መዝለል ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስይዙት። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደው ታክሮሊመስ የሚባለው መድሃኒት ብዙ ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው የሚወሰደው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታም 2 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር እንደውም አይረሳም። አላርሙ እናቱ ስልክ ላይ ሳይሆን የራሱ ስልክ ላይ ይሞላ። የታክሮሊመስ መጠን በደም የሚታይበት ቀን ግን ኪኒኑን ይዞ ይሂድና ደም ከሰጠ በኋላ ይዋጠው፣ ቀድሞ ከዋጠ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይወጣና ሀኪሙን ያሳስታል።

ቀጥሎ የመልክ ነገር። ለዚሁ የሚሰጠው ሌላው ኪኒን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፊት ይነፋል፣ ብጉር ያወጣል፣ ያስርባል። ሴት ልጅ ከሆነች ዘመድ መጥቶ «ውይ እንዴት ተመቸሽ፣ ወፈርሽ እኮ!» ይላታል፣ እሷ ማታ ኪኒኑን ትራስ ስር ትሸጉጣለች። ይሄን እንደ ቅብጠት አትዩት። «ለምን አልዋጥሽም» ብሎ ከመጮህ «በዚህ ሳምንት ስንቴ አመለጠሽ?» ብትሏት እውነቱን ትነግራችኋለች፣ ከዛ ለሀኪሟ አብራችሁ ንገሩት፣ መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እና በናታችሁ «አባትሽ ኩላሊቱን የሰጠሽ ለዚህ ነው?» የምትለዋን ነገር ተዉአት፣ ልጅቷ እሱን ሳትነገርም ተሸክማው ነው የምትውለው።

ምግብ ላይ ጥሬ ስጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት የለም። ራሱን አመመው ተብሎ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አይገዛ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የሀበሻ መድሃኒትም ሀኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ። ጸበል መሄድ ከፈለገ ይሂድ ግን ኪኒኑን ሳያቋርጥ፣ «ድነሃል ተወው» የሚል ሰው እዛ አይጠፋም።

ትምህርት ቤት ላይ ለአንድ የሚያምነው መምህር መንገር ይበቃል፣ ውሃ ይዞ እንዲገባ፣ ሽንት ቤት እንዳይከለከል። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ታችኛው ሆድ በኩል ስለሆነ ቦክስና ካራቴ ይቅር፣ ኳስ ሀኪሙ ሲፈቅድ።

ቀስ በቀስ ደግሞ ኃላፊነቱን ለራሱ አስረክቡት። የመድሃኒቶቹን ስምና መጠን በቃሉ ይያዝ፣ ቀጠሮ ላይ ትንሽ ደቂቃ ብቻውን ከሀኪሙ ጋር ያውራ፣ እናንተ ፊት የማይጠይቀው ነገር አለዋ።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ እግሩ ካበጠ ወይ የተተከለበት ቦታ ካመመው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።