የሺሻ ራስ ወንፊት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ዱባይም ሆነ ሺሻ በተፈቀደበት ሌላ አገር ካፌ ውስጥ ራስ (ትምባሆው የሚቀመጥበትን የላይኛውን ክፍል) ለሚሞሉና ከሰል ለሚያዞሩ ልጆች ነው። አገር ቤት ሺሻ በሕግ የተከለከለ ነው። ትምባሆ አሞላል፣ የጎማው (የሚሳብበት ቱቦ) አስተጣጠብና የውኃ ልክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልገባበትም። ጉዳዬ በትምባሆውና በከሰሉ መካከል የሚቀመጠው የብረት ወንፊት ነው። ሰው የሚስበው ትኩስ አየር በእሱ በኩል ያልፋል፤ ሆኖም ዕቃ ሲገዛ መጨረሻ የሚታሰበው፣ ርካሹ የሚፈለግለትም እሱ ነው።

ብረት ብረት ይላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሽቦው ላይ ነጭ ነገር አለ

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ወንፊቱን በመቆንጠጫ አንሱና ከሰሉ ያረፈበትን ቦታ ተመልከቱ። የከሰል አመድ ከሆነ እፍ ሲሉት ይበናል። ሽቦው ላይ ተጣብቆ የቀረ፣ ትኩስ ሳለ ቢጫ፣ ሲበርድ ነጭ የሚሆን፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፍ ከሆነ ግን አመድ አይደለም፤ ዚንክ ኦክሳይድ ነው። እጃችሁ ላይ ያለውም ጋልቫናይዝድ ሽቦ ነው ማለት ነው።

ጋልቫናይዝድ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የተሠራው ለአጥርና ለዶሮ ቤት ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በደንብ የተያያዘ ከሰል ደግሞ ከ600 ዲግሪ ያልፋል፣ ደንበኛው በሳበ ቁጥር ይብስበታል። ልባጩ ከሰሉ ሥር አይቆይም። የዚንክ ጭስ ምን እንደሚያደርግ በያጆችን ጠይቁ፦ ቀን ጋልቫናይዝድ ሲበይዱ ውለው ማታ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ አፋቸው ብረት ብረት ይላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃቸዋል። ወተት ጠጡ የሚባለው አያድንም። የሚያድነው ጭሱን አለመሳብ ነው።

አንድ የሠራሁበት ካፌ ወንፊት ሲያልቅበት ኃላፊው ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ ጥቅል ሽቦ አስመጣ። በቆርቆሮ መቀስ ክብ ክብ እየተደረገ ተቆረጠና ለሁሉም ራስ ታደለ። አዲስ ስለሆነ ያብለጨልጭ ነበር፣ ሁሉም ወደደው። ከዚያ ደንበኛ ማማረር ጀመረ። ትምባሆው ተበላሽቷል ተባለ፣ ተቀየረ። ጎማው ነው ተባለ፣ ተቀየረ። ጠርሙሱ በሎሚ ታጠበ። ከሰል የሚያዞረው ልጅ በየምሽቱ በዚያ ነጭ ነገር ላይ አዲስ ፍም ይደርብ ነበር፤ ወንፊቱን ያነሳ ሰው ግን አልነበረም። ሲነሳ ከሰሉ ያረፈበት ሁሉ ልባጩ አልቆ ጥቁር ብረት ወጥቶ ነበር።

ሌላ ቦታ ደግሞ «ስቴንለስ» ተብሎ የተሸጠ ወንፊት አጋጠመኝ። ክሮም የተቀባ ተራ ብረት ነበር። ዳር ዳሩ ተልጦ ስንጥሩ ትምባሆው ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ስቴንለስ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሰው እንደሚስብበት እያወቀ ነው የሚሸጠው።

መፍትሄው መጣል ነው። ዚንኩን አቃጥዬ ልጨርሰውና ልጠቀምበት የሚል ሰው አለ፤ በፍጹም አታድርጉት። ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ ሲያቃጥሉት ያን ሁሉ ጭስ በአንድ ጊዜ የሚስቡት እነሱና አጠገባቸው ያለው ሰው ናቸው። ምን እንደተለበጠ የማይታወቅ ብረትም እሳት አይንካው፤ ልባጩ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ከሆነ ጭሱ ይገድላል።

ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ጋልቫናይዝድና ክሮም የተቀባ ብረት ጥብቅ ብሎ ይያዛል፤ 304 የሚባለው ስቴንለስ ጭራሽ አይያዝም ወይም ትንሽ ብቻ ይሳባል። ናስና አሉሚኒየምም አይያዙም፣ ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አይበቃም። ጥርጣሬ ካለ ቁራጩን ኮምጣጤ ውስጥ ንከሩት፦ ዚንክ ትንንሽ አረፋ ያወጣል፣ ስቴንለስ ዝም ይላል። 304 ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፣ የሚቀልጠውም በ1400 ዲግሪ ገደማ ነው። ሲሞቅ ወርቃማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ቢሆን አትደንግጡ፤ ልባጭ እየተላጠ አይደለም። አዲሱን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ያለ ትምባሆ ደጅ ፍም ላይ አስቀምጡት፣ የፋብሪካ ዘይቱ ጨሶ እስኪያልቅ።

«ወንፊቱ ራሴን አዞረኝ»

አብዛኛውን ጊዜ ወንፊቱ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። ከሰሉ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ። ወንፊትም ውኃም አያስቀረውም፤ የቱንም ያህል ጥሩ ወንፊት ብትገዙ ሺሻ ጎጂ ነው። ደንበኛው ማጨሱን አቁሞ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። ከተዝለፈለፈ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ቡና አፍልታችሁ አትጠብቁ፤ ዱባይ ላይ አምቡላንስ ለመጥራት 998 ደውሉ። እናንተም ተጠንቀቁ፦ ከሰል የሚያያዝበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። አየር ማውጫና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከአሠሪ ጠይቁ፣ ደጋግማችሁም ጠይቁ። ክብሪት ሲነካው ቱግ የሚለውን ፈጣን ከሰል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ግራጫ ሳይሆን ራስ ላይ አታውጡ፤ ማቀጣጠያ ኬሚካል አለበት።

አመድ ይወርዳል

ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም ወንፊቱ ጎብጧል። ቀይሩት፤ በመዶሻ የተቃና ወንፊት ሽቦው ይበጠሳል።

ወንፊቱ ቀለጠ ወይም የፕላስቲክ ሽታ አወጣ

የመስኮት የዝንብ መከላከያ ቆርጦ ያስገባ ሰው አለ። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከመስታወት ክር (ፋይበርግላስ) የተሠራው ደግሞ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ያወጣል። ዛሬውኑ ጣሉት።

ፒፓ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ

ቀጭኑ ክር እየተቃጠለ ይሰበርና ሲስቡት ወደ ጉሮሮ ይገባል። ለፒፓ በልኩ የተሠራ ወንፊት ይሸጣል።

ከታጠበ በኋላ የሚዋጋ ነገር

በሽቦ ብሩሽ የታጠበ ወንፊት ላይ የብሩሹ ጥርስ ተነቅሎ ይቀራል፤ በዓይን አይለይም ማለት ይቻላል። ሬንጁን ለማስለቀቅ ሙቅ ውኃና ሶዳ ውስጥ አሳድሩት፣ በናይለን ብሩሽ ፈትጉት፣ አድርቃችሁ ብርሃን ላይ ዘርጉና ሁለቱንም ገጽ እዩ። ቀዳዳው አሁንም ከተደፈነ በመርፌ አትጎርጉሩት፤ ሌላ አስገቡ።