የዓመቱን ፊልምና ባህል ስንቆጥር ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጳጉሜን ስትገባ ያለፈውን ዓመት ዞር ብሎ ማየት ደስ ይላል። ምን ፊልም አየሁ? የትኛው ከውስጤ አልወጣም አለ? የትኛውን ዘፈን፣ የትኛውን መንዙማ ፊት ለፊት ሰማሁ? ወሎ ላይ ለሚኖር ሰው መልሱ ረጅም ነው። ብዙ ጊዜ ግን የምንጽፈው ዝርዝር የኖርነውን ዓመት አይመስልም። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉን ነገር ለጳጉሜን ማቆየት ነው። ሰው የቅርቡን ነው የሚያስታውሰው። ነሐሴ 16 የሚጀምረው የልጃገረዶች ጨዋታ፣ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ሶለል የሚለው፣ ጳጉሜን ላይ ገና ከጆሮ አልወጣም። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቶ የተመለሰ ሰው ግን ያን ቀን የዚሁ ዓመት መሆኑን ይረሳዋል። ፊልምም እንደዚሁ ነው። ሐምሌ ላይ ያየነው ደህና ፊልም ኅዳር ላይ ያየነውን ግሩም ፊልም ይጋርደዋል። ስለዚህ በዚያው ምሽት ስልካችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ቀኑን፣ አብሯችሁ ማን እንደነበረ፣ ልባችሁ ላይ የቀረውን አንድ ትዕይንት። ኮከብ መስጠቱ ይቅር። ከስድስት ወር በኋላ አራት ኮከብ ምንም አይነግራችሁም፤ ትዕይንቱ ግን ፊልሙን መልሶ ያመጣዋል።

ሁለተኛው የፈረንጅ ዝርዝር መገልበጥ ነው። በእነሱ ዓመት ማብቂያ “የዓመቱ ምርጥ ፊልሞች” የሚል ጽሑፍ ይጎርፋል። የእኛ ዓመት ያኔ ገና አጋማሹ ላይ አልደረሰም። የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” ቬኒስ ላይ ሲሸለም በእነሱ 2008 ነበር፤ በእኛ ደግሞ 2000 ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይለዩ መጻፍ በኋላ ያምታታል። ከዚህ የባሰው ግን ፊልሙ የወጣበትን ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር ማደባለቅ ነው። “ጤዛ”ን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ የኮምቦልቻ ልጅ ያለ ምንም ማቅማማት የዘንድሮ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው። በዓላትም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። መውሊድ የጨረቃን አቆጣጠር ስለሚከተል በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። በ2017 አንዴ መስከረም መግቢያ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ነሐሴ ማብቂያ ላይ ዋለ። ያን ዓመት “የመውሊድ ሌሊት” ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው አሁን የትኛውን እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል።

አዳራሽ ገብተን ያላየነውን አለመቁጠርም ስህተት ነው። ሲኒማ ቤት በየከተማችን የለም። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ፣ በዩቲዩብ፣ በጎረቤት ቴሌቪዥን ያየነው ሁሉ ታይቷል። በምን እንዳያችሁት ብቻ መዝግቡ። በስልክ ያያችሁትን ፊልም “ምስሉ አይረባም” ብሎ መፍረድ ፊልሙን መበደል ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሚቀጥለው ነው፤ ትኬት ያልተቆረጠበትን ጥበብ ከቁጥር ማውጣት። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ነው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ለአገር ሁሉ አሰምታለች። አንድ ሠርግ ላይ ስሟን የማናውቃት ሴት ያንኑ አምባሰል ስታንቆረቁረው ሰምተን “ደስ የሚል ሠርግ ነበር” ብለን እናልፋለን። እንዴት ይታለፋል? የትኛውን ግጥም አወረደች? ማን ተቀበላት? መሰንቆ ነበር ወይስ ኪቦርድ? ሰዉ ዝም ያለው የትኛው ስንኝ ላይ ነው? መንዙማም ላይ እንደዚሁ፤ ማን መራ፣ ድቤው እንዴት ጀመረ፣ ሰዉ ሲቀበል የቱ ጋ ሞቅ አለ። ገና ላይ ላሊበላ የነበረ ሰው ካህናቱ ከላይ ከዓለቱ ጠርዝና ከታች ሆነው “ቤዛ ኩሉ”ን ሲቀባበሉት ሰምቷል። ይህ በየትኛውም ፊልም ዝርዝር አናት ላይ ቢቀመጥ አይበዛበትም። እባካችሁ ሙሉውን በስልክ አትቅረጹት። አንድ ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን በዓይናችሁ እዩት፤ ማታ ደግሞ ጻፉት።

የአገር ውስጥ ፊልም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ የእኛ ስለሆነ ብቻ ያሞግሳል። ሌላው “የሀበሻ ፊልም አላይም” ብሎ በሩን ዘግቷል። ሁለቱም ፊልሙን አላዩትም። ወሎን አሳያለሁ የሚል ሥራ ሲመጣ ደግሞ ጠበቅ አድርገን እንጠይቅ። ያሳየን ቆንጆ ልጅና የጦሳን ተራራ ብቻ ነው? የወሎ አማርኛ የሚሰማው ለማሳቅ ብቻ ነው ወይስ ሰው ሲያዝንም ሲቆጣም ይናገርበታል? ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ዘመዳሞች ሲታዩ ተቆጥተውና ታርቀው እንደሚኖሩ የቤት ሰዎች ናቸው ወይስ መፈክር አንጋቢዎች? ይህን የምለው ለክፋት አይደለም። የሚወዱትን አገር በደንብ ተሠርቶ ማየት መመኘት መብት ነው።

በመጨረሻ ዝርዝሩን ብቻችሁን አትጨርሱት። ቡና ሲፈላ አምጡትና እናታችሁን፣ ወንድማችሁን፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። አብረን ካየነው የቱ ትዝ ይላችኋል በሏቸው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ እናንተ የዘለላችሁት ብዙ ነገር ይወጣል። የተናገሩትን በየስማቸው ጻፉት፤ በተለይ ከእናንተ ሐሳብ ጋር የማይገጥመውን።