ታፔላ ስታሠሩ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው

ታፔላ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማተሚያ ቤት ውስጥ አይደለም። ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ አይታችሁ «አሪፍ ነው፣ ይታተም» ያላችሁ ዕለት ነው። እናንተ ያያችሁት ከአንድ ክንድ ርቀት ቁጭ ብላችሁ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ግን ከመንገድ ማዶ ሆኖ፣ ወሬ እያወራ ወይ መኪና እየነዳ ነው የሚያየው።

ዋናው ጥፋት ማጨቅ ነው። ስም፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ አራት ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ ከጎን ደግሞ የሚስቅ ሰው ፎቶ። እስቲ አስሉት፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ያልፋል፤ በዚያች 3 ሰከንድ ሹፌሩ መሪውን ለቆ ስልካችሁን ሊመዘግብ ነው? ስማችሁንና ምን እንደምትሠሩ ካወቀ ይበቃዋል።

ፊደል ማሳነስም አለ። የተለመደው ግምት ለየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲሜትር ቁመት ነው፤ ከ30 ሜትር በደንብ እንዲታይ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። በአነሰም ይነበባል፣ ግን ዓይን ያስጨንቃል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ጣጣ አለው። «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ፊደሉን አለቅጥ ስታወፍሩት ወይ ስታሽሞነሙኑት ትዋጣለች።

ቀለም ላይ፣ ቢጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አታድርጉ። ዲዛይኑን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ እዩት፤ ጽሑፉ ከጠፋ ቀለሙ አልሠራም። ፀሐይ ላይ ለሚውል ነገር ደግሞ ቀይ ላይ አትመኩ። ተራ የኅትመት ቀለም ከሆነ ከሰማያዊውና ከጥቁሩ ቀድሞ ይለቃል፤ «ታላቅ ቅናሽ» ጠፍቶ አድራሻው ብቻ ይቀራል።

የክልከላ ማስታወቂያ ላይ የማየው ስህተት ግን ያስቀኛል። «መኪና ማቆም» በትልቁ፣ «ክልክል ነው» ከሥር በትንሹ! ከሩቅ የሚመጣ ሹፌር ተጋብዞ ይገባል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ቀይ ክብና ሰያፍ መስመር ያለበትን ምልክት ብትጨምሩ ማንበብ የማይችለውም ይገባዋል። በነገራችን ላይ አረንጓዴን ለክልከላ አትጠቀሙ፤ በዓለም አቀፉ የደኅንነት ምልክቶች ደረጃ (አይኤስኦ 3864) አረንጓዴ የመውጫና የደኅንነት ቀለም ነው።

ሌላው ቀን አለመጻፍ ነው። «ከነገ ጀምሮ ሊፍቱ አይሠራም» የሚል ወረቀት ለሁለት ሳምንት በር ላይ ይሰነብታል። የትኛው ነገ? ቀኑን ጻፉበት፣ ሲያልፍ ደግሞ የለጠፋችሁት ሰዎች ራሳችሁ ንቀሉት።