ወደ አሜሪካ ለሚላክ የቤት ዕቃ የጉምሩክ አሠራር

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው የቤት ዕቃውን ለማስከተል ካሰበ፣ የጭነቱን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የትኛው ዕቃው ያለ ቀረጥ እንደሚገባ ሊያውቅ ይገባል። የአሜሪካ ጉምሩክ የቤት ዕቃን ከቀረጥ ነፃ የሚያደርገው ባለቤቱ ከአሜሪካ ውጭ ቢያንስ ለ1 ዓመት ከተገለገለበት፣ ለሌላ ሰው ወይም ለሽያጭም ካልታሰበ ነው። ስለዚህ ለጉዞው ተብሎ ከመርካቶ የተገዛ አዲስ ምንጣፍ ከአሮጌው ሶፋ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ስለተጫነ ብቻ ነፃ አይሆንም። ዘመድ «ለእገሌ አድርስልኝ» ብሎ የሰጠው አደራም እንዲሁ ነው፤ እምቢ ማለት ቢከብድም፣ የሰው ዕቃን የራስ አድርጎ ማስመዝገብ ሐሰተኛ መግለጫ ስለሚሆን አለመቀበሉ ይሻላል።

የቤት ዕቃ የሚባሉት የቤት ቁሳቁስ፣ ምንጣፍ፣ ሥዕል፣ የገበታ ዕቃ፣ አንሶላ፣ መጻሕፍትና የመሳሰሉት ናቸው። ልብስና ጌጣጌጥ የግል መገልገያ ተብለው በሌላ ድንጋጌ ይስተናገዳሉ፤ መኪናም የራሱ ሥርዓት አለው።

ከባለቤቱ ተለይቶ ለሚላክ ዕቃ የሚሞላው ዲክላራሲዮን ቅጽ 3299 ሲሆን፣ ከእሱ ጋር የሚያያዘው የዕቃ ዝርዝር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «የወጥ ቤት ዕቃ፣ 1 ካርቶን» ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር ፍተሻን ይጋብዛል፤ «ካርቶን 4፦ 12 ሳህን፣ 6 ሲኒ ከነረከቦቱ፣ 1 ጀበና፣ ሁሉም ያገለገሉ» የሚለው ግን ካርቶኑ ሳይከፈት ይናገራል። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ፤ የተገዙበት ዓመትም በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ። በ2016 ዓ.ም. በተቆረጠ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ለአሜሪካዊው መርማሪ ከእውነተኛ ዕድሜው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጀ መስሎ ስለሚታይ፣ ከዝርዝሩ ጋር እንዳይጋጭ ቀኑ ተመንዝሮ ከጎኑ ይስፈር።

ቋንጣ፣ ጫት፣ የዝሆን ጥርስና አፈር ያለበት ዕቃ በጭነቱ ውስጥ አይግቡ። መሶብና የእንጨት ዕቃ ከነቀዝና ከዘር የጸዱ፣ በደንብ የደረቁ ይሁኑ። የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ መስቀል ወይም ሥዕል ካለ ችግሩ አሜሪካ ሳይደርስ እዚሁ ይጀምራል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ በመሆኑ፣ ከመታሸጉ በፊት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳየት ግዴታ ነው።

ጭነቱ በጅቡቲ በኩል በባሕር የሚሄድ ከሆነ፣ ወደ አሜሪካ በሚያመራው መርከብ ላይ ከመጫኑ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ መረጃው ለአሜሪካ ጉምሩክ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መተላለፍ አለበት። ይህን ማን እንደሚፈጽም ከትራንዚተሩ ጋር በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል፤ ጉድለቱ እስከ 5,000 ዶላር ያስቀጣል። ቅጹ ባለቤቱ አሜሪካ የገባበትን ቀን ስለሚጠይቅም ዕቃው ከሰው ቀድሞ እንዳይደርስ ጊዜውን ማስላት ይገባል። የዕቃውን መድረስ የሚያሳውቀው ጉምሩክ ሳይሆን አጓጓዡ ነው፤ ስለዚህ የሚሠራ የአሜሪካ ስልክና አድራሻ አስቀድሞ ይሰጠው። ወደብ በደረሰ በ15 ቀናት ውስጥ ሥርዓቱ ያልተፈጸመለት ጭነት በባለቤቱ ወጪ ወደ መጋዘን ይገባል፤ 6 ወር ሳይጠየቅ ከቆየም በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል።