የጎንደር ብርድ ሳይጠና ቤትን ማሰናዳት፦ ግድግዳ፣ ማንደጃና ሂተር

ጎንደር ላይ ሌሊቱ የሚከብደው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ሲመሽ ሙቀቱን ወዲያው ይለቅቀዋል፣ ንጋት ላይ የቤቱ ውስጥ ከደጁ ብዙም አይሻልም። የመሰናዶው ወር ጥቅምት ነው፤ ፀሐዩ ጭቃም ከሰልም ያደርቃል።

ከሁሉ በፊት የትኛው ክፍል በከሰል፣ የትኛው በኤሌክትሪክ እንደሚሞቅ ወስኑ። ቀዳዳ መድፈንና ከሰል ማንደድ በአንድ ክፍል አይገናኙም። ሰው የሚሞተው በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፎ፣ መስኮቱ ተጠርቅሞ፣ በዚያው ማታ ማንደጃው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። የሚደፈነው መኝታ ክፍሉ ይሁን፤ ከሰሉ ከሳሎን አይለፍ።

መኝታ ክፍሉን ከላይ ጀምሩ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ያሞቀውን ሁሉ ለቆርቆሮው ያስረክባል። አቡጀዲ ወጥሮ ማልበስ ርካሹ መፍትሔ ነው፤ ዋናው ነገር ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ክፍት እንዳይቀር ነው። የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ካለ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ 3 ወይም 4 ቀን አቆዩት፣ በየቀኑም እርገጡት። ስንጥቁን በቢላ ሰፋ አድርጉ፣ ልል አፈሩን ጥረጉ፣ ውሃ ርጩበት፣ ከዚያ ጭቃውን ጠቅጥቁ። ውሃ መርጨቱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ እርጥበት መጥጦ ስለሚወስድበት ልጥፉ ሳይያያዝ ይረግፋል። የላላ የመስኮት መስታወት በስቱኮ ይያዛል፤ ለበሩ ሥር የተጠቀለለ አሮጌ ጋቢ ይበቃል።

ከሰሉን ስትገዙ ጆንያውን አንሡት። ለመጠኑ ከሚገባው በላይ ከከበደ ውሃ ጠጥቷል። ሁለት ፍሬ አውጥታችሁ አጋጩ፦ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው በደንብ የከሰለ ነው፤ ድምፁ ድፍን ሆኖ ሲሰበር መሐሉ ቡናማ ከሆነ ገና እንጨት ስለሆነ ይጨሳል። የግራር ከሰል ጠጣር ስለሆነ ፍሙ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቆያል። ቤት ሲገባ መሬት ላይ ሳይሆን ሳንቃ ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጥ።

ማንደጃውን ደግሞ አመዱን ጥረጉና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በምስማር ክፈቱ። ከሥር አየር ያጣ ፍም ሙቀቱ ይቀንሳል፣ መርዙ ይጨምራል። የሸክላው ጎን ትንሽ ቢሰነጠቅ በሽቦ ዙሪያውን ማሰር ያቆየዋል፤ ፍም የሚያርፍበት ወለሉ ከተሰነጠቀ ግን ፍሙን ምንጣፍ ላይ ስለሚጥል አዲስ ግዙ። የሚቀጣጠለው ደጅ ነው፣ በጭራሮ። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና ፌስታል አይነኩት።

እዚህ ላይ በደንብ እንነጋገር። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ መርዙም የጠፋ ይመስላል፤ አልጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ደም ውስጥ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የምናጣው ትርፍ የለንም። ማንደጃው ሳሎን ሲገባ በሩ አንድ ስንዝር፣ በትይዩው ያለ መስኮትም ገርበብ ይበል። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ማንም ከመተኛቱ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ። አመድ ማልበስ አያድንም፤ የተዳፈነ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ መርዙን ይለቅቃል። ከጎኑ ውሃ ማስቀመጥም ጋዙን አይስበውም። በጥምቀት ሰሞን ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ሳሎኑም መኝታ ሲሆን፣ ለእንግዳ ተብሎ ፍም አይደር፤ በማንደጃ ፈንታ ተጨማሪ ቡሉኮ ስጧቸው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት በአንድ ክፍል ያሉትን ሰዎች አብሮ ከያዛቸው ጉንፋን ነው አትበሉ። በሩን ከፍታችሁ ሰዎቹን ደጅ አውጡ፣ ሆስፒታልም አድርሱ። ወተትና ሎሚ ጋዙን ከደም አያወጡትም። በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

የመኝታ ክፍሉ ሂተር ባለ 2,000 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ያለው የግድግዳ ሶኬት ይችለዋል፤ ቀጭን ማከፋፈያ፣ በተለይ እንደተጠቀለለ፣ ግሎ ይቀልጣል። ከብርድ በፊት ባለሙያ ብሬከሩን አጥፍቶ የሶኬቱን ብሎኖች ያጥብቅ፤ የላላ ብሎን ብልጭታና ሙቀት ይፈጥራል። ከዚያ ሂተሩን አቧራውን ጠርጋችሁ ለ15 ደቂቃ አብሩት፣ አጥፉና ስፒናውን ንኩ። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እስኪጠገን አትጠቀሙበት። ከአልጋና ከመጋረጃ 1 ሜትር ይራቅ።

ማታ ሂተሩ ከደከመ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት። ኃይሉ 180 ቮልት ላይ ሲወርድ ያው ባለ 2,000 ዋት ሂተር የሚሰጠው 1,340 ዋት ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ስፒናውን ንቀሉ፤ ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ ሁሉም ተኝቶ፣ ምናልባትም ብርድ ልብስ ወድቆበት፣ ብቻውን እንዳይነድ።