ለድሮ ተጫዋቾች ደብዳቤ ጽፋችሁ ፊርማ ስትጠይቁ እነዚህን አትሳሳቱ

የምኖረው ለንደን ነው። ጫማቸውን ለሰቀሉ የእንግሊዝ እግር ኳስ ተጫዋቾች ደብዳቤ እየላኩ ፊርማ እሰበስባለሁ። ጓደኞቼ «ዕድለኛ ነህ፣ ለሁሉም ሰው እኮ አይመልሱም» ይሉኛል። የምን ዕድል! አንድ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ቁርሳቸውን በልተው ፖስታውን ሲከፍቱ፣ ሥራው አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ይፈርማሉ። ቴምብር ፍለጋ ከወንበር መነሳት ካለባቸው ግን ነገሩ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። እኔም ይህ የገባኝ ብዙ ደብዳቤ ካባከንኩ በኋላ ነው።

የመመለሻ ፖስታውን ማበላሸት

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ስማችሁና አድራሻችሁ የተጻፈበት፣ ቴምብር የተለጠፈበት ሁለተኛ ፖስታ አጥፋችሁ ውስጡ ክተቱ። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚሳሳቱት ቴምብሩ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ በመመለሻው ፖስታ ላይ የሚያምር የኢትዮጵያ ቴምብር ለጥፎ ላከ። ግን መልሱ የሚነሳው ከእንግሊዝ ነዋ! የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የኢትዮጵያን ቴምብር ምን ያደርግበታል? ከአገር ቤት የምትጽፉ ከሆነ እዚህ ያለ ዘመድ ቴምብር ገዝቶ ይላክላችሁ፣ ወይም መልሱ በእሱ አድራሻ ይምጣ። ወደ ኢትዮጵያ በቀጥታ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ ደግሞ የቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትጠብቁ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያስፈልጋል። የራሳችሁ ከሌላችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን ተጠቀሙ።

እዚህ ያለነውም ብንሆን ከስህተት አናመልጥም። የንግሥቲቱ ምስል ብቻ ያለበት፣ ባርኮድ የሌለው የድሮ የዘወትር ቴምብር እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ አይሠራም። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ የቀረኝን ለመጨረስ ስስገበገብ ስንት መልስ እንዳጣሁ እንጃ።

እስክሪብቶ አብሮ መላክ

አሳቢ የሆናችሁ ይመስላችኋል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ግን ተራ ደብዳቤ የሚለው ውፍረቱ ከ5 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ነው። እስክሪብቶ ሲገባበት ያልፋል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ቴምብሩ ካነሰ ደግሞ የጎደለውን እንዲከፍሉ የሚጠየቁት ተቀባዩ ናቸው። ፊርማ የለመናችሁት ሰው የእናንተን ዕዳ ሲከፍል አስቡት።

ከዚያ ይልቅ እንዲፈርሙበት የምትልኩትን ፎቶ አዘጋጁ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀለም አይዝም፣ በጣት ሲነካ ይጨማለቃል። እኔ በጥጥ ትንሽ የሕፃን ፓውደር አሸት አሸት አድርጌ እጠርገዋለሁ። ማልያው ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ የሆነበትን ፎቶ አትምረጡ፤ አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ነውና ፊርማው አይታይም።

የማይተካ ነገር መላክ

አባቴ ያቆየልኝን አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ልኬ አልተመለሰም። የማንም ጥፋት አይደለም፣ የእኔው ቂልነት ነው። ኮፒውን ላኩ።

ብዙ መላክ

ሁለት ይበቃል። ስምንት ፎቶ የሚልክ ሰው ነጋዴ ነው፣ እነሱም ያውቁታል። ስማችሁን ጽፈው እንዲፈርሙላችሁ ብትጠይቁ ጥሩ ነው። ስም ያለበት ፊርማ ገበያ ላይ ብዙም አያወጣም፣ ስለዚህ ልትሸጡት እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

ሳያጣሩ መጻፍ

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ ለፍጻሜ ከተሰለፉት አሥራ አንድ ተጫዋቾች መካከል ቦቢ ሙር በ1993 ሞቱ፣ ጎርደን ባንክስና ማርቲን ፒተርስ በ2019፣ ጃክ ቻርልተንና ኖቢ ስታይልስ በ2020። በ2023 ቦቢ ቻርልተን ሲያርፉ የቀሩት ጄፍ ኸርስት ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በፊት የተሠራ የአድራሻ ዝርዝር ይዛችሁ ብትጽፉ፣ ደብዳቤው ሐዘን ላይ ያለች ሚስት እጅ ሊገባ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት የሰሞኑን ዜና ተመልከቱ።

ሕይወት ኖሮም ጤና ላይኖር ይችላል። በ2019 የወጣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች እንደ አልዛይመር ባሉ የአንጎል በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው 3.5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ቤተሰቡ «ከእንግዲህ አይፈርሙም» ብሎ ከጻፈ እዚያው ላይ አብቁ።

አድራሻውም እንደዚሁ ያረጃል። አርሰናል ከድሮ ሜዳው ከሃይበሪ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ዌስትሃምም አፕተን ፓርክን በ2016 ለቅቆ አሁን ቦታው የመኖሪያ ሕንፃ ሆኗል። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን የሰው ቤት አድራሻ ከመጠቀም ይልቅ በክለቡ በኩል ሞክሩ። ማንቸስተር ዩናይትድ ለምሳሌ የቀድሞ ተጫዋቾች ማኅበር አለው።

የሕይወት ታሪክ መጻፍ

ግማሽ ገጽ፣ በእጅ፣ በሚነበብ ጽሑፍ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ጨዋታ እንደምታስታውሱ፣ ምን እንደምትፈልጉ። ብቻ ጨዋታው የራሳቸው ይሁን! አንድ ወዳጄ ለቦቢ ቻርልተን በጻፈው ደብዳቤ ላይ «በሊድስ ያሳዩት ተከላካይነት» ብሎ አመስግኗል። ሊድስ የነበረው ወንድምየው ጃክ ነው። መልስ አልመጣም፣ እኔ ግን እስካሁን እስቅበታለሁ።

የመጣውን ሁሉ ማመን

አንዳንዱ የታተመ ፊርማ ነው። በማጉያ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ ማተሚያ ቤት የሠራው ነው። የእጅ ፊርማ ብርሃን ላይ ጋደል ስታደርጉት ቀለሙ ከወረቀቱ ለየት ብሎ ያበራል፣ መስመር በመስመር ላይ ሲያልፍም ይታያል። የሚንቀጠቀጥ መሆኑ ብቻ ግን ሐሰተኛ አያደርገውም። እንዲያውም በሰማንያ ዓመት እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ቀጥ ያለ ፊርማ ካያችሁ ነው መጠራጠር።

መቸኮል

በዘጠኝ ቀን የመጣልኝ አለ፣ አሥራ አራት ወር የፈጀም አለ። በሁለተኛው ሳምንት ማስታወሻ አትላኩ። ደብተር ይኑራችሁ፦ ለማን፣ መቼ፣ ምን። እኔ ደብተር ከመያዜ በፊት ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ፈረሙልኝ፤ በሦስተኛው ፎቶ ጀርባ ላይ «ይኼኛው ይበቃሃል?» የሚል ነበረበት።

ሲመለስላችሁ አጭር የምስጋና ካርድ ላኩ። የመመለሻ ፖስታ ግን እንዳትከቱበት፣ ሌላ ፊርማ የጠየቃችሁ ይመስላቸዋል።