ፍሪጁ ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም

መብራቱ ይበራል። ሞተሩም ያጉረመርማል። ወተቱ ግን ለብ ብሏል። ብዙ ሰው ይሄኔ «ጋዝ አልቋል ማለት ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ ምንም አልሆነም።

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል። ከኋላ ያለው ጥቁር ፍርግርግ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሙቀቱ መውጣት አቅቶታል? ወይስ ከውጭ እየገባ ነው?

ሞተሩ እረፍት አጥቶ ከዋለ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ፍርግርጉ አቧራ ለብሶ ወይም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በብሩሽ ጥረጉት፣ አየር እንዲያገኝም ራቅ አድርጉት።

ቀጥሎ የበሩ ጎማ። ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አይገጥምም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቆሻሻ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ተሰንጥቆ ከሆነ ግን መቀየር አለበት።

ማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ በረዶ ከተጋገረስ? በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባል፣ እርጥበቱም እዚያው ይረጋል። ወፍራም በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሙቀቱ ጋዙ ወደሚዞርበት ቱቦ እንዳይደርስ ይከለክላል። እባካችሁ በቢላ አትፈልፍሉት! ቱቦው ስስ ነው። አንዴ ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል፣ ጥገናውም አንዳንዴ የማያዋጣ ይሆናል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ የፈላ ውኃ በሳህን አስቀምጡበት። በረዶው በራሱ ጊዜ ይለቃል።

በረዶ አይሠራም የተባለው ዓይነት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ላይኛው በረዶ ቤት ደህና ሆኖ ታችኛው ክፍል ይሞቃል። ቅዝቃዜውን ወደ ታች የሚገፋው ማራገቢያ ቆሟል፣ ወይም የአየር መተላለፊያው ከውስጥ በበረዶ ተደፍኗል። ነቅላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ከተስተካከለ በኋላ በጥቂት ሳምንት ከተመለሰ በረዶውን የሚያቀልጠው ማሞቂያ ወይም ተቆጣጣሪው ተበላሽቷል። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው።

ውኃ ፍሪጁ ውስጥ ከታች ከተጠራቀመ የኋለኛው ግድግዳ ሥር ያለችው ቀዳዳ ተደፍናለች። በስትሮ ክፈቷት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተሩ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ነቅላችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ካልረገበ ሞተሩ መነሳት ያቅተዋል። ፍሪጁ በጎኑ ተጋድሞ ተጓጉዞ ከሆነም ወዲያው አትሰኩት። አቁማችሁት ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይመለስ።

አሁን ወደ ጋዙ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ ያመለጠበት ቀዳዳ አለ። «ልሙላው» የሚል ባለሙያ ሲመጣ «በየት በኩል ነው የወጣው?» በሉት። ቀዳዳውን ሳይደፍን ከሞላው ገንዘባችሁ አብሮ ይወጣል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ እሳት ይዞ እንዲቀርበው አትፍቀዱ።

ከጥገናው በኋላ ለመፈተሽ አንድ ብርጭቆ ውኃ መሀል መደርደሪያ ላይ አሳድሩ። ጠዋት ቴርሞሜትር ክተቱበት። 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ወተቱን መልሱት።